ባልየው ዲቪ ደረሰው፣ ሚስት ግን ፎርሙ ላይ የለችም

የዲቪ 2025 ውጤት የወጣው ሚያዝያ 26 ቀን 2016፣ በቀዳም ሥዑር ምሽት ነው። ቤቱ ሁሉ ለፋሲካ ጉድ ጉድ ይላል፣ ዲቪ የሞላ ሰው ደግሞ በአንድ እጁ ሽንኩርት እየላጠ በሌላው ስልኩን ይነካካል። ይህ ክር (መልሶቹ በተራ ቁጥር የተደረደሩበት የኢንተርኔት ውይይት) የተከፈተው በዚያው በበዓሉ ሳምንት ነው። ጠያቂዋ የደሴ ልጅ ናት። ባሏ ደርሶታል። ደስታው ግን አንድ ሌሊት እንኳን አላደረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት 2016 ላይ ፎርሙን የሞላለት ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ። የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ያላገባ ተብሎ ተሞልቷል። እሷና ባሏ ግን ጥር 2014 ላይ ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት ተጋብተዋል። ማዘጋጃ ቤት ሄደው አልፈረሙም። ጥር 2016 ላይ ልጅ ወልደዋል። አሁን ዲ ኤስ 260 የሚባለው ሁለተኛው ፎርም ላይ እሷና ልጇ መጨመር ይችሉ እንደሆነ ነው የምትጠይቀው። የምታውቁ እባካችሁ ብላ፣ አስቀድማም አመስግና ጨረሰች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች ጥያቄውን አንብበው የጻፉ አይመስሉም። ቁጥር 1 እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ የአሜሪካ ባንዲራ ደረደረ። ቁጥር 2ም እንደዚያው፣ ከዚያ ደግሞ የራሱ ኮንፈርሜሽን ቁጥር (ውጤት የሚታይበት ማረጋገጫ ቁጥር) እንደጠፋበት ተናግሮ እንዴት እንደሚያገኘው ጠየቀ። (መልስ ነበረው። እዚያው የዲቪው ድረ ገጽ ላይ ስምን፣ የትውልድ ቀንን እና ሲሞላ የተሰጠውን ኢሜይል አስገብቶ ቁጥሩን ማውጣት ይቻላል። የመለሰለት ግን የለም።)

ወደ ጉዳዩ የገባው ቁጥር 3 ነው። እህቴ እያለ፣ አዝናለሁ እያለ፣ መመሪያውን አስቀመጠው። አመልካቹ ፎርሙን በሞላበት ቀን ያለችውን ሚስት፣ እንዲሁም ከ21 ዓመት በታች የሆኑና ያላገቡ ልጆቹን በሙሉ መጻፍ አለበት። አብረው ባይኖሩም፣ የመሄድ ሐሳብ ባይኖራቸውም። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ሳይጻፉ ቢቀሩ ችግር የለውም። ሚስት ተዘልላ ከተገኘች የሚወድቀው የእሷ ቪዛ ብቻ አይደለም፣ የባልየውም ጭምር ነው። ሕፃኑ ግን ሌላ ነው። የተወለደው ፎርሙ ከተሞላ በኋላ ስለሆነ እሱን ለመጨመር የሚከለክል ነገር የለም።

በእኔ እምነት ክሩ እዚህ ላይ ቢያልቅም መልሱ ሙሉ ነበር። ግን ማን እሺ ይላል።

ቁጥር 4 መጣ። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት እስከሌለ ድረስ ጋብቻ የለም፣ በሽማግሌ የተደረገው የባህል ነገር ነው፣ ስለዚህ ባልየው ያላገባ መባሉ እውነት ነው የሚል ክርክር ይዞ። ብዙ ሰው ልቡ ወደዚህ ሄደ። በአንድ ቀን ከሌላው መልስ ሁሉ በላይ መውደድ የሰበሰበው ይኸው ነው። ቁጥር 5 ግን አረመችው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በባህል ሥርዓት። ሽማግሌ ተቀምጦበት ዘመድ ያጨበጨበለት ጋብቻ ወረቀት ስለሌለው ጋብቻነቱ አይቀርም፣ ማስረጃው ነው የጎደለው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ እንዳላቸው፣ እነሱም የባህል ጋብቻን እንደሚቀበሉ ጨመረች። ቁጥር 6 ያው ቁጥር 4 ተመልሶ የመጣ ነው፣ ጠበቃ ነሽ ወይ ብሎ ብቻ ወጣ። ክሩ መሞቅ የጀመረው ከዚህ ነው።

ቁጥር 7 ባልየው ላይ ወረደበት። የአምስት ደቂቃ ፎርም ራሱ መሙላት ያቃተው ሰው አሜሪካ ሄዶ ምን ሊሠራ ነው ዓይነት ነገር። ጠያቂዋ ቁጥር 8 ላይ የመለሰችው በጨዋነት ነው፣ እኔ በክሩ ውስጥ በጣም የወደድኩትም ይህን መልስ ነው። የሆነውን ከወንድምየው እንደሰማችው ነገረችን። ወረፋው በር ላይ ደርሶ ነበር። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሮ ሰው በስልክ ፎቶ ይነሳል። የባሏን ፎቶ ወንድምየው በስልኩ ይዞ ስለሄደ እሱን ዘለሉት። የሚሞላው ልጅ ስም ጠየቀ፣ የትውልድ ቀን ጠየቀ፣ ስንተኛ ክፍል ጠየቀ። ስለ ጋብቻ አልጠየቀም። ማውሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ አለፈው። ከዚያ ማረጋገጫውን አትሞ፣ ወረቀት ለመቆጠብ በመቀስ ለሁለት ቆርጦ፣ ግማሹን ለወንድምየው ግማሹን ከኋላው ላለችው ሴት ሰጠ። በዚያ ቁራጭ ላይ ያለው ስም፣ የትውልድ ዓመትና ኮንፈርሜሽን ቁጥሩ ነው። ያገባ ይሁን ያላገባ አይናገርም። ስለዚህ ወረቀቱ ብፌ ውስጥ ተቀምጦ ሲከርም ስህተቱን ያየ ሰው የለም።

ቁጥር 9 ራሱ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ነው፣ ነገሩ ክብሩን ነክቶታል። ሙያውን ተከላከለ። ፎርሙ ከተከፈተ 60 ደቂቃ ካለፈ ይዘጋል፣ ግማሹን ሞልቶ አስቀምጦ መመለስ የለም። ፎቶው 600 በ600 ፒክስል ሆኖ ከ240 ኪሎባይት እንዳይበልጥ መስተካከል አለበት። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል፣ ወረፋው ይጮኻል። ደግሞም ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም ይላል። ደንበኛው ራሱ ነው ላጤ ብለህ ሙላልኝ የሚለው፣ ላጤ ቶሎ ይደርሰዋል የሚል ወሬ ስላለ። ዕጣው የሚወጣው በኮምፒውተር ነው፣ ያገባና ያላገባ አይለይም። ከባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ቢሞሉና አንዱ ሌላውን ቢጽፍ ዕድላቸው እንዲያውም ሁለት እጥፍ እንደሚሆን ያስረዳው እሱ ነው። የተከለከለው አንድ ሰው በራሱ ስም ሁለቴ መሙላቱ ነው። ያኔ ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ይህን ጥሩ አድርጎ ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር አመለጠው። አንዳንድ ቤቶች ማረጋገጫውን ራሳቸው ጋ እንደሚያስቀሩት፣ ውጤት ሲወጣም አይተው እንደሚደውሉ እግረ መንገዱን ጠቀሰ። ቁጥር 10 እንደ እሳት ነደደ። የአክስቱ ልጅ ላይ የደረሰውን ነገረ። ኮንፈርሜሽን ቁጥሩም፣ የተሞላበት ኢሜይልም የቤቱ ባለቤት እጅ ነበሩ። ሲደርሰው ሰውየው ደወለ፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አንዲት የማያውቃትን ሴት አግብቶ አብሮ ሊወስዳት ከተስማማ ብቻ ነው። የሴትዮዋ ዘመዶች ውጭ አሉ፣ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። ልጁ እምቢ አለ። እዚያው ላይ ዲቪው ተቃጠለ። ኢሜይሉ የራሱ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ከድረ ገጹ አውጥቶ በሰውየው ላይ በሳቀበት ነበር። ቁጥር 9 ከዚህ በኋላ ድምፁን አጠፋ።

ከቁጥር 11 እስከ 13 ያሉት የየራሳቸውን ቁስል አወሩ። አንዷ በመነጽር ተነስታ ተሰርዛለች። ሌላው በየዓመቱ ያንኑ ፎቶ ሲልክ ኖሯል፣ ፎቶው ከ6 ወር የቆየ መሆን እንደሌለበት የሰማው እዚሁ ክር ላይ ነው። ቁጥር 13 የትውልድ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንዳለ አስገብቶት ነበርና ኢንተርቪው ሲደርስ ከፓስፖርቱ ጋር አልገጥም አለ። የተጻፈው ዓመት ከእውነተኛው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ አዲስ አበባ ቆንስሉ ፊት ለማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ መገመት አያዳግትም።

ቁጥር 14 ደላላ ነው። ደላላ ነኝ አላለም፣ የቴሌግራም አድራሻ ማስቀመጡ ግን ይበቃል። መፍትሔው ቀላል ነው ይላል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ እንደ አዲስ መፈራረም፣ የጋብቻው ቀን ከጥቅምት 27 ቀን 2016 በኋላ እንዲሆን ማድረግ። የዲቪ 2025 ምዝገባ የተዘጋው በዚያ ቀን ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የተፈጸመ ጋብቻ ፎርሙ ላይ አለመኖሩ ችግር የለውም። ጠያቂዋም፣ ልብ በሉ፣ ቁጥር 15 ላይ ሒሳቡ ስንት እንደሆነ በትህትና ጠየቀች። እኔ አልፈርድባትም። የአራት ወር ልጅ ታቅፎ አሜሪካን በር ላይ ያየ ሰው ቢጠይቅ ምን ይገርማል።

ቁጥር 16 ጮኸ። ይህ ቆንስል ፊት መዋሸት ነው፣ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ቪዛ ለማግኘት ዋና ነገር ላይ የዋሸ ሰው ለዕድሜ ልክ ይታገዳል፣ ቱሪስት ሆኖ ለመግባት እንኳን ይቸገራል። ደላላው ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል፣ እገዳው የሚቀረው ባልየው ላይ ነው። ቁጥር 17 ደግሞ ያልዋሸ ማን ሄደ ብሎ ደላላው ጎን ቆመ። የከፋው የስድብ ክፍል ይህ ነው፣ አወያዩም ከቁጥር 18 እስከ 20 ያለውን አጥፍቶታል። ቁጥሮቹ ባዶ ሆነው ቀርተዋል።

ከባዶው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 21 ነገሩን ወደ መሬት ያወረደ ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር ኢንተርቪው አልፏል። እሱ የተጋባው በእውነትም ከሞላ በኋላ ነበር፣ ቪዛውም ተመቶለታል። ግን በቀላሉ አልነበረም። መስኮቱ ጋ ለየብቻ ጠየቋቸው፦ ሽማግሌ ሆነው የመጡት እነማን ናቸው፣ ሰርጉ የት ነበር፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይ፣ መጀመሪያ የተገናኛችሁት መቼ ነው። አልበሙን ገጽ በገጽ ገለጡት። እሱ አጠገብ ባለው መስኮት የነበሩ ጥንዶች የሰርግ ፎቷቸው ጥግ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ በወርቃማ ቀለም ቀኑን አትሞበት ነበር። ከተናገሩት ቀን ጋር አልገጠመም። እዚያው አለቀ። የደሴዋ እህታችን ደግሞ፣ ይላል ሰውየው፣ የ2014ቱ ሰርጓ ፎቶ በስንት ዘመድ ፌስቡክ ላይ እንዳለ እሷ ትወቀው።

ቁጥር 22 ሌላ ቀዳዳ ፈለገ፦ ባልየው ልጁን ይዞ እንደ ላጤ ይሂድ፣ ሚስቱን በኋላ ከዚያ ሆኖ ይውሰዳት። ይህን ያፈረሰችው ሜሪላንድ የምትኖር ሴት ናት፣ ቁጥር 23። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚስቱ ሲያመለክት የጋብቻው ቀን ይጻፋል። ትክክለኛውን ከጻፈ ዲቪው ላይ ዋሽቶ እንደነበር ራሱ መሰከረ። የውሸቱን ከጻፈ ውሸቱ ሁለት ሆነ። ከ5 ዓመት በኋላ ዜግነት ሲጠይቅም ፋይሉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይገለጣል፣ ያኔ የሚነካው ቪዛው ሳይሆን የተሠራው ኑሮ ነው። ከዚህ መልስ በኋላ ለደላላው የተከራከረለት ሰው የለም።

ቀጥሎ ክሩ መንገዱን ሳተ። ቁጥር 24 አሜሪካ ለመሄድ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ዋጋ አለው ብሎ ጀመረ። ቁጥር 23 የሌሊት ፈረቃ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ማዋያ እያለች ነገረችው። ቁጥር 26 ታዲያ ለምን አትመለሺም አላት። ይህ ጥያቄ በየትኛውም የሐበሻ ውይይት ላይ ሳይነሳ የቀረበት ቀን የለም፣ መልስ አግኝቶም አያውቅም። ቁጥር 27 ናይጄሪያ ለምን ዲቪ ውስጥ እንደሌለች ጠየቀ። ቁጥር 28 መለሰለት፤ በ5 ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ስደተኛ በሌሎች መንገዶች ወደ አሜሪካ የላከ አገር ከዕጣው ይወጣል። አንድ አገር በዓመት ከጠቅላላው 7 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችልም አከለ።

ቁጥር 29 የደረሰው ሌላ ሰው ነው። ኬዝ ነምበሩ፣ ማለትም የወረፋ ቁጥሩ፣ ትልቅ ስለሆነ ይደርሰኛል ወይ ብሎ ጨንቆታል። ለእሱ የተሰጠው መልስ ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ለዲቪ 2025 ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ሞልቷል። ቤተሰብ ተደምሮ ከ130 ሺህ በላይ ተመርጧል። በሕጉ ያለው ቪዛ ግን 55 ሺህ ነው፣ ከዚያም ላይ ለሌሎች ፕሮግራሞች ተብሎ ይቀነሳል። ስለዚህ ደርሶሃል ማለት ወረፋ ያዝክ ማለት ነው። በየወሩ የሚወጣው የቪዛ ማስታወቂያ ለአፍሪካ እስከ ስንት ቁጥር እንደተደረሰ ይናገራል፣ እሱን መከታተል ነው። የዲቪ 2025 በር ደግሞ ቪዛው ቢተርፍም ባይተርፍም የሚዘጋው መስከረም 20 ቀን 2018 ነበር።

ቁጥር 31 የድሮ ሰው ነው፣ የ2003ቱን አስታወሰ። ያኔ የዲቪ 2012 ውጤት ወጥቶ ወደ 22 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ተመርጣችኋል ተብለው ነበር። ግንቦት 5 ቀን ውጤቱ በሙሉ ተሰረዘ። ኮምፒውተሩ ዕጣውን ሳያዛንፍ ማውጣት ሲገባው ስህተት ስለተገኘበት ነው። እሱም ከተሰረዙት አንዱ እንደነበረና ጎረቤት የላከለትን ጠላ እንኳን ጠጥቶ እንዳልጨረሰ በቀልድ ነገረን። ቁጥር 32 በዚህ መሳቁ አላስደሰተውም። ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን ሸጦ የነበረ ሰው እንደሚያውቅ ጻፈ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ከዚያ ክሩ ተኛ። ነሐሴ ላይ ቁጥር 33 የቀሰቀሰው በዶላር ጉዳይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ57 ብር የተነሳው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። የኢንተርቪው ክፍያ ያኔ በሰው 330 ዶላር ነበር፣ ቪዛ ቢከለከልም አይመለስም። በፋሲካ ሰሞን 19 ሺህ ብር የማይሞላ የነበረው ከ33 ሺህ በላይ ሆነ፣ ሜዲካሉና የአውሮፕላን ትኬቱ ሳይቆጠር። ቁጥር 34 ያው የቀድሞው ቁጥር 7 ነው፣ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ። ባልየው ኢንተርቪው ሄዶ እውነቱን ቢናገር፣ የኢንተርኔት ቤት ስህተት መሆኑን ቢያስረዳ ምናልባት ይሰሙት እንደሆነ ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር 35፣ ያቺው የቤተሰብ ሕጉን የጠቀሰችው ሴት፣ መመሪያው ማን እንደሞላው እንደማይጠይቅ፣ ለፎርሙ ተጠያቂው ስሙ የተጻፈበት ሰው እንደሆነ መለሰች። ለማይከፈት በር 33 ሺህ ብር መክፈል እሷን አያሳምናትም። እኔንም አያሳምነኝም።

ቁጥር 36 ላይ ጠያቂዋ ራሷ ተመለሰች። የአዲሱ ዓመት ምዝገባ በተከፈተ ሰሞን፣ መስከረም 22 ቀን 2017 የዲቪ 2026 ከተጀመረ በኋላ ነው። ዲ ኤስ 260ውን አልላኩትም። ደላላው ከክሩ ውጭ ሁለት ጊዜ ጽፎላት ነበር፣ ዋጋ እየቀነሰ። ባሏ ለጥቂት ጊዜ ከወንድሙ ጋር አልተነጋገረም፣ አሁን ሰላም ናቸው። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ጋብቻቸውን አስመዝግበዋል፣ ቀኑም ጥር 2014 ሆኖ ነው የተጻፈው። ሁለቱም 12ኛ ክፍል የጨረሱ ስለሆኑ ሁለቱም በየስማቸው ለመሙላት ተዘጋጅተዋል፣ በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ኢሜይል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፦ ልጁ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እሷ አቅፋው የተነሳችው ፎቶ ያስኬዳል ወይ?

ቁጥር 37 አያስኬድም አለ። ሕፃንም ቢሆን ለብቻው ነው የሚነሳው፣ ዓይኑ ተከፍቶ፣ የማንም እጅ ሳይታይ። ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተው ከላይ ቢያነሱት ጥሩ ይወጣል፣ ጥላ እንዳያርፍበት ብቻ ይጠንቀቁ። ቁጥር 38 በሁለቱም ፎርም ላይ ልጁ መጻፉን እንዳትረሳ አስታወሳት። ቁጥር 39 አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ቴክኒክና ሙያ በዲፕሎማ የተመረቀ ሰው መሙላት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። የሙያ ዲፕሎማ እንደ 12ኛ ክፍል እንደማይቆጠር፣ የቀረው መንገድ ቢያንስ የ2 ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ላይ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ 2 ዓመት መሥራት እንደሆነ ተነገረው። እሱም ያ ሙያ በአሜሪካ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ደረጃውን የሚያሟላ ከሆነ ነው። ሰውየው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሆኑን ጽፎ ሊቀጥል ሲል፣ አወያዩ ለእሱ ሌላ ክር እንዲከፍት ነግሮት ይህኛውን ዘጋው።